ጮማ ሥጋ ስንት ካሎሪ አለው? በቢላና በሚዛን ቤት ውስጥ የሚሰላበት መንገድ

ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ የጮማ ሥጋ ካሎሪ ስትፈልጉ ከሚመጡላችሁ ሰንጠረዦች አንዱ የአሳማ ሆድ ሥጋ ነው። 100 ግራም ጥሬው 518 ካሎሪ፣ 53 ግራም ስብ፣ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ለአሳማው። እኛ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይነካም። ሰው ግን ቁጥሩን ያይና «ጮማ ያው ጮማ ነው» ብሎ የሙክት ጎድኑ ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ወይ ይደነግጥና ሥጋ እርም ይላል፣ ወይ «ይሄማ የፈረንጅ ወሬ ነው» ብሎ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

አብሽሩ፣ ሁለቱም አያስፈልግም። የጮማ ሥጋ ቁጥር የሚወሰነው ነጩና ቀዩ ስንት ለስንት እንደሆኑ ነው። እሱን ደግሞ ከቢላችሁ በላይ የሚያውቅ ሰንጠረዥ የለም። የበግ ቀይ ሥጋ ከወረኢሉም ይምጣ ከመቄት ያን ያህል አይለያይም፤ የሚለያየው ስቡ ነው። ስለዚህ ነጩን ከቀዩ ትለያላችሁ፣ ትመዝናላችሁ፣ ታባዛላችሁ። በቃ። ከዚህ በታች ያለው እንዴት እንደሚለይና የት የት ላይ ሰው እንደሚሸወድ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ስለታም ቢላ፣ ግራም የሚያነብ ትንሽ የኩሽና ሚዛን፣ ሁለት ሳህንና ለማባዣ ስልካችሁ ነው። ካሎሪ የምለው ማሸጊያ ላይ ኪሎካሎሪ ተብሎ የሚጻፈውን ነው።

አንድ፦ ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ

ደሴ ላይ ግማሽ ጨረቃ የተሳለበት ሥጋ ቤት ግቡ፣ መስቀል የተሳለበት ግቡ፣ ለዚህ ሒሳብ ሥጋው አንድ ነው። የምትጠይቁት ግን ይለያያል። «ሥጋ መዝንልኝ» ካላችሁት ቆራጩ እንደ ስሜቱ ይቆርጣል። «ጎድን ከነስቡ» ወይም «ከወርቹ፣ ስቡን ቀነስ አድርገህ» ብላችሁ ለይታችሁ ንገሩት። ሚዛኑ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በምርቃት ስም ጣል የሚያደርግላችሁ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ስብ ነው። አመስግናችሁ ተቀበሉ፣ ግን ኪሎው ውስጥ እንዳልገባ አትርሱ። ቤት ስትደርሱ እንደገና መመዘን ያለባችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። (ሌላውን ምክንያት እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አልናገርም።)

በጉን በቁሙ የምትገዙ ከሆነ ነገሩ የእጅ ሥራ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ገዥው በጉን በእግሮቹ መሃል ያቆምና ወገቡን በአውራ ጣቱና በጣቶቹ ይጨብጣል። አጥንቱ ከሻከረው ከሲታ ነው፣ ይለቀዋል። ከለሰለሰው ወደ ኋላ ይሄድና ላቱን በመዳፉ ከሥር ደግፎ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ክብደቱን ሊሰማ። ሻጩ ደግሞ ፊቱን ያነባል። ይሄ ሁሉ የስብ ልኬት ነው፣ ያለ ሚዛን የሚደረግ። ወገቡ ለስላሳ፣ ላቱ ከባድ የሆነ ሙክት ከገዛችሁ እቤት ስትደርሱ ነጩ ከምታስቡት በላይ እንደሚሆን ጠብቁ።

ሁለት፦ ጥሬውን መዝኑ፣ አጥንቱን ቀንሱ

ሁልጊዜ ጥሬውን። የበሰለ ሥጋ ውሃው ስለሚተን ክብደቱ ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ 100 ግራም ጥብስና 100 ግራም ጥሬ ሥጋ አንድ አይደሉም። ቀይ የበግ ሥጋ 100 ግራም ጥሬው 134 ካሎሪ ገደማ ነው፣ 100 ግራም የበሰለው ግን 206 ገደማ። እሳቱ ካሎሪ አልጨመረም፣ ውሃ ነው የወሰደው። ጥሬ መዝኖ በበሰለ ቁጥር የሚያባዛ፣ ወይም የተገላቢጦሽ፣ ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ይሳሳታል።

አጥንት ካለው አጥንቱ መውጣት አለበት። ጎድን በጥሬው ፈልፍሎ ማውጣት ያሰለቻል። ቀላሉ መንገድ ከተበላ በኋላ የተጋጠውን አጥንት ሰብስቦ መመዘንና ከመጀመሪያው ክብደት መቀነስ ነው። አጥንቱ ሲበስል ትንሽ ይቀላል፣ ግን ለቤት ሒሳብ ግድ የለም። የመጀመሪያ ጊዜ ግን አንድ ኪሎ ጎድን ላይ ጨክናችሁ በጥሬው ሁሉንም አጥንት አውጡ። አንዴ በደንብ ከሠራችሁት ከዚያ በኋላ ዓይናችሁ ይለምዳል፣ ሚዛኑንም በየሳምንቱ ማውጣት አይኖርባችሁም።

ሦስት፦ ነጩን ከቀዩ ለዩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሥጋው ሞቅ ያለ ከሆነ ስቡ ቢላው ላይ እየተለጠፈ ያናድዳል። ፍሪጅ ካለ ግማሽ ሰዓት አስገቡት፤ ስቡ ጠጠር ሲል ቢላው ራሱ መንገዱን ያገኛል። ደሴ ጠዋት ላይ ኩሽናው ራሱ ፍሪጅ ስለሆነ ብዙም አትቸገሩም፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ብታቀዘቅዙት ይሻላችኋል።

የጎድኑን ቁራጭ ቆዳው የነበረበትን ገጽ ወደ ላይ አድርጉና ጠርዙን እዩት። ከላይ እንደ ብርድ ልብስ የተኛ ነጭ ሽፋን አለ፣ እሱ በአንድ ጊዜ ይገፈፋል። ከሱ ሥር ቀይ፣ ከዚያ እንደገና ቀጭን ነጭ መስመር፣ ከዚያ ቀይ። መሃል ያለችውን ነጭ መስመር ተከትላችሁ ቢላውን ብታስገቡ ሁለቱ ቀዮች ለሁለት ይከፈላሉ፣ ነጩንም ከላያቸው ትፍቁታላችሁ። በውስጥ በኩል ከኩላሊቱ አካባቢ የመጣ ደረቅ፣ ፍርፍር የሚል ስብ ካለ እሱም ወደ ነጩ ሳህን። ቀዩ ላይ የቀረችውን ክር ክር የምታክል ነገር ተዉአት፤ የቀይ ሥጋ ቁጥር ውስጥ እሷም ተቆጥራለች። ስስ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ስብ አይደለም፣ እሱን አትቁጠሩት።

የኛ ከብት ሥጋ ላይ ብዙ ጊዜ ስቡ ከውጭና በጡንቻዎቹ መሃል ስለሚቀመጥ መለየቱ አያስቸግርም። ሻኛ ግን ሌላ ነው። ነጩና ቀዩ ተጠላልፈው ስለተሠሩ በቢላ አይለይም። ለሱ ቁራጩን አግድም ቆርጣችሁ ፊቱን እዩ፤ ግማሹ ነጭ ከሆነ ክብደቱን ለሁለት ክፈሉና ግማሹን በነጭ፣ ግማሹን በቀይ አስሉ። ግምት ነው፣ ግን ከስልኩ የአሳማ ሆድ ይሻላል።

አራት፦ አባዙ

ለበግ የምትጠቀሙባቸው ቁጥሮች ሁለት ናቸው፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፏቸው። 100 ግራም ጥሬ ቀይ የበግ ሥጋ 134 ካሎሪ፣ 20 ግራም ፕሮቲን፣ 5 ግራም ስብ። 100 ግራም ከሥጋው የተገፈፈ ጥሬ ነጭ 665 ካሎሪ፣ 70 ግራም ስብ፣ ከ6 እስከ 7 ግራም ፕሮቲን። ነጩ መቶ በመቶ ስብ ያልሆነው ውስጡ ውሃና ሽፋን ስላለ ነው። ንጹሕ የቀለጠ ስብ ቢሆን 1 ግራሙ 9 ካሎሪ፣ መቶው 900 ይደርሳል። ፕሮቲን 1 ግራሙ 4 ካሎሪ ነው። ሥጋ ውስጥ ስኳርና ስታርች የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሌላ የሚደመር አይኖርም።

በቁጥር እንየው። 1 ኪሎ የሙክት ጎድን ገዛችሁ እንበል። አጥንቱ 250 ግራም ወጣ፣ ነጩ 250፣ ቀዩ 500።

ቀዩ፦ 500 ግራም ማለት 5 ጊዜ 134፣ 670 ካሎሪ። ፕሮቲኑ 100 ግራም፣ ስቡ 25።
ነጩ፦ 250 ግራም ማለት 2.5 ጊዜ 665፣ ወደ 1,660 ካሎሪ። ፕሮቲኑ 16 ግራም ገደማ፣ ስቡ 175።
ድምር፦ 2,330 ካሎሪ፣ 116 ግራም ፕሮቲን፣ 200 ግራም ስብ።

ለአራት ሰው ከተካፈለ ለእያንዳንዱ 580 ካሎሪ፣ 29 ግራም ፕሮቲን፣ 50 ግራም ስብ ደረሰው። እንጀራውን ሳንቆጥር።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከነጩ ግማሹን፣ 125 ግራሙን ብቻ ቆርጣችሁ ብታስቀሩ ምን ይሆናል? የአንዱ ሰው ድርሻ ከ580 ወደ 375 ካሎሪ ይወርዳል፣ ስቡም ከ50 ወደ 28 ግራም ገደማ። ፕሮቲኑስ? ከ29 ወደ 27። ለዚህ ነው «ስቡን ካነሳሁት ሥጋው ምን ቀረው» የሚለው ክርክር የማያስኬደው። ጣዕሙ ይቀንሳል ካላችሁ እሺ፣ እሱን አልክድም፤ ሰውነት የሚገነባው ግን ቀዩ ላይ ነው ያለው፣ አልተነካም።

አምስት፦ ድስቱ ውስጥ የገባውን ደምሩ

ሰው ሥጋውን በግራም ቆጥሮ ይጨርስና ቅቤውን በዓይኑ ያፈሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ከ110 እስከ 120 ካሎሪ ነው፣ ዘይትም ያው 120። ጮማ ጎድን ለመጥበስ በመሠረቱ ቅቤ አያስፈልግም። ብረት ምጣዱን አግሉና ነጩን ቁራጭ መጀመሪያ ጣሉበት፣ ሲቀልጥ በራሱ ስብ ቀዩን ያስጠብሳል። መጨረሻ ላይ «ለሽታ» ተብላ የምትገባው ማንኪያ ግን ትቆጠር። ሦስት ማንኪያ ከገባና አራት ሰው ከበላ በነፍስ ወከፍ 85 ወይ 90 ካሎሪ ተጨመረ ማለት ነው። ቃሪያ፣ ሽንኩርትና የሥጋ መጥበሻው ቅጠል ለዚህ ሒሳብ ከቁጥር አይገቡም፣ እለፏቸው።

ስድስት፦ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ቀንሱ

ጥብስ ላይ የቀለጠው ስብ ሳህኑ ሥር ይጠራቀማል። በእንጀራ ጠርጋችሁ ከበላችሁት ሁሉም ገብቷል፣ የሚቀነስ የለም። ካልነካችሁት አቀዝቅዛችሁ መዝኑትና በ9 አባዙት፤ ያንን ከድምሩ ቀንሱ።

ቅቅል ላይ ነገሩ የበለጠ ይመቻል። ሥጋው ሲበስል ስቡ ወደ ላይ ይወጣል። ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ ሳታማስሉ ሩብ ሰዓት ያህል ብታቆዩት ወርቃማው ዘይት ከላይ ይሰበሰባል፣ በጭልፋ ጠርዝ መግፈፍ ትችላላችሁ። ፍሪጅ ያለው ደግሞ መረቁን ለብቻው አጥሎ፣ ሲበርድለት አስገብቶ ቢያሳድረው ጠዋት ከላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ያገኘዋል፤ በማንኪያ ጠርዙን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ እንዳለ ይነሳል። ያ ንጹሕ ስብ ነው ማለት ይቻላል። 60 ግራም ከመዘነ 540 ካሎሪ ከድስቱ አወጣችሁ። መረቁን ስታሞቁት ግን በደንብ ይፍላ።

ቅርፊቱን በጣታችሁ ብትነኩት አንድ ነገር ትማራላችሁ። የኩላሊትና የሞራ ስብ ከሆነ ጠንካራ ነው፣ ኳ ብሎ ይሰበራል። የላት ከሆነ ለስለስ ይላል፣ ጣት ያስገባል። ምክንያቱ የስቡ ዓይነት ነው። በቤት ሙቀት የሚጠጥረው ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው፣ ሞራ እሱ ይበዛበታል። ላት ውስጥ ደግሞ ወይራ ዘይት ውስጥ ያለው ዓይነት ለስላሳ ስብ የተሻለ ድርሻ አለው። ካሎሪያቸው ግን እኩል ነው፣ ላት ለስላሳ ስለሆነ ቀላል ነው የሚል እንዳይኖር።

ሰባት፦ ከቀኑ ልክ ጋር አስተያዩ

የዓለም ጤና ድርጅት ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በላይ ከሳቹሬትድ ስብ ባይመጣ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይሄ 22 ግራም አካባቢ ነው። የበግ ስብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሳቹሬትድ ነው። ቅድም ያሰላነው 50 ግራም ስብ ያለው ሳህን በአንድ ምሳ ብቻ የቀኑን ልክ ሞላው ማለት ነው፣ ማታ የሚመጣው ቅቤ ገና አልተቆጠረም። ነጩን በግማሽ የቀነስነው ሳህን 13 ግራም አካባቢ ላይ ይቆማል።

እዚህ ላይ የአሳማውን ሰንጠረዥ ለምን እንዳትቀዱ ሌላ ምክንያት አለ። የአሳማ ስብ ሳቹሬትዱ 39 በመቶ አካባቢ ነው፣ የበግ 47፣ የከብት 50 ገደማ፣ የተነጠረ ቅቤ ከ60 በላይ። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆዱ ውስጥ ያሉት ጀርሞች የሣሩን ለስላሳ ስብ ስለሚለውጡት የበግና የከብት ስብ ይጠነክራል፤ አሳማ አያመሰኳም። ቫይታሚኑም ቢሆን እንደዚያው። የአሳማ ቀይ ሥጋ በቫይታሚን ቢ1 በጣም የታወቀ ነው፣ በግ ውስጥ ያለው ከሱ ብዙ ያንሳል። እኛ ለቢ1 ምስርና ጤፍ አሉን፣ ከጎድን አንጠብቀው።

በግ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ዚንክ፣ ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12። 100 ግራም ቀይ የበግ ሥጋ ለአንድ አዋቂ የቀኑን 2.4 ማይክሮግራም ቢ12 ይሸፍናል። ቢ12 አትክልትና ጥራጥሬ ውስጥ ስለማይገኝ ረጅም ጾም የሚጾም ሰው ፍስክ ሲገባ ማሰብ ያለበት ስለ ጮማው ሳይሆን ስለዚህ ቀይ ሥጋ ነው። እነዚህ ሦስቱም ያሉት በዋናነት ቀዩ ሳህን ላይ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ላት ለብቻው ሲመዘን እኔ 100 ግራሙን 700 ካሎሪ አድርጌ ነው የምይዘው፣ ለማባዛትም ይቀላል። ቅልጥም ውስጥ ያለው መቅኔ አብዛኛው ስብ ስለሆነ እንደ ነጭ ቁጠሩት። ፍየል እጅግ ቀላል ነው፣ 100 ግራም ጥሬው 109 ካሎሪ ገደማ፣ ስቡ ከ3 ግራም በታች። የባቲ ፍየል የሚወድ ሰው ይሄን ሁሉ ሒሳብ ላያስፈልገው ይችላል። የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ደግሞ ከሱም ያነሰ ነው፣ 96 ካሎሪ፣ 20 ግራም ፕሮቲን፣ በዘይት እስካልጠበሳችሁት ድረስ። ቋንጣ ለማድረቅ ነጩን ጨርሳችሁ አውጡት፤ ስብ ይሻግታል እንጂ በወጉ አይደርቅም። 1 ኪሎ ቀይ ሥጋ ደርቆ ወደ ሲሶው ስለሚወርድ አንድ እፍኝ ቋንጣ ከሚመስላችሁ በላይ ሥጋ ነው።

ስልክ ላይ ሌላ ሰንጠረዥ ካያችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ጥሬ ነው የበሰለ? ቀዩ ብቻ ነው ከነስቡ? ለበግ አንዱ ቦታ 134፣ ሌላው ቦታ 267 ብታገኙ አትደናገሩ፤ የመጀመሪያው ቀዩ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ከነስቡ፣ ሁለቱም ጥሬ። የውጭው በግ ከኛ የደጋ በግ ጋር የሚለያየውም በዚሁ ከነስቡ በሚለው ላይ ነው፣ ለይታችሁ ስትመዝኑ ግን ልዩነቱ ብዙም አያስቸግራችሁም።

የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ቁጥሩን ከማስላቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፣ አንድ ጮማ ምሳ ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል። የልብና የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ አባትና እናት ካሏችሁም ነጩን ከሳህናቸው ቀድማችሁ አንሱላቸው፤ «እንግዲህ እናንተ ልጆች» ማለታቸው አይቀርም፣ ግን ይበሉታል።

የተረፈውን ነጭ አትጣሉት። ደቅቆ ይከተፍ፣ በትንሽ ውሃ ዝቅ ባለ እሳት ላይ ይቀመጥ፣ ውሃው ተንኖ ድምፁ ሲቀንስና ቁርጥራጩ ቡናማ ሲል ይጠለል። ከ125 ግራም ነጭ ከ80 ግራም በላይ ብዙም አትጠብቁ። ደረቅ ክዳን ያለው ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡና ቀኑን ጻፉበት፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ድንችም ሽሮም ስትሠሩ በዘይቱ ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ ትጠቀማላችሁ፣ እሷም 115 ካሎሪ አካባቢ ስለሆነች መዝግቧት።